የሚያስለቅሰው ገጽ ከየት ይጀምራል? የሳይንስ ፊክሽን ማንጋን የስሜት መታጠፊያ ለመተንተን ዝርዝር መመሪያ

አንድ ማንጋ (በሥዕል የሚነገር የጃፓን ታሪክ) አንብበን ስንጨርስ ቶሎ ትዝ የሚለን ያስለቀሰን ገጽ ነው። እዚህ ድሬዳዋ ማንጋ የሚወዱ ልጆች ሲገናኙም የመጀመሪያው ጥያቄ «የቱ ጋ ስትደርስ አለቀስክ?» የሚል ነው። ጥያቄው ደስ ይላል። ትንታኔ ግን ከዚያ ገጽ ከጀመረ ቶሎ ይደርቃል። «በጣም ያሳዝናል» ከማለት አያልፍም። እንባው የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ታሪኩ የታጠፈው ቀደም ብሎ፣ ብዙ ጊዜም ተቻኩለን ባለፍነው ጸጥ ያለ ገጽ ላይ ነው። ያንን ገጽ እንዴት እንደምታገኙት፣ ካገኛችሁት በኋላ ደግሞ ለሌላ ሰው እንዴት እንደምታሳዩት ልንገራችሁ።

ማሳያዬ የናኦኪ ኡራሳዋ «ፕሉቶ» ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2009 በጃፓን «ቢግ ኮሚክ ኦሪጅናል» በተባለ መጽሔት በተከታታይ ወጥቶ በ8 ጥራዝ ተጠቃሏል። መነሻው ኦሳሙ ቴዙካ በ1960ዎቹ በ«አስትሮ ቦይ» ውስጥ ለልጆች የሠራው አንድ ታሪክ ነው። የቴዙካ ጀግና ትንሹ ሮቦት አቶም ነበር። ኡራሳዋ ያንኑ ታሪክ ወስዶ ለአዋቂ የሚሆን የወንጀል ምርመራ አደረገው። መርማሪው ጌዚሽት የሚባል የዩሮፖል፣ ማለትም የአውሮፓ ፖሊስ፣ ሮቦት ነው። በዓለም ላይ እጅግ የረቀቁት ሰባት ሮቦቶች አንድ በአንድ እየጠፉ ነው። ከሰባቱ አንዱ ደግሞ ራሱ ጌዚሽት ነው።

ይህን ሥራ የመረጥኩት ለልምምድ ከሁሉም ስለሚመች ነው። ሮቦት ያዝናል ወይ? ይጠላል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች የታሪኩ አከርካሪ ናቸው። ስለዚህ ደራሲው ስሜት በተለወጠ ቁጥር ምልክት እየተወልን ይሄዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከዚህ በታች ስፖይለር አለ። የማን ሞት የት እንደሆነ እናገራለሁ። ያላነበባችሁ ቢያንስ የመጀመሪያውን ጥራዝ አንብባችሁ ተመለሱ።

1. ሙሉውን ሥራ አትንኩ፤ አንድ ሰው ምረጡ

ጀማሪ ሁሉ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። «ፕሉቶን ልተንትን» ብሎ ይነሳና ስምንት ጥራዝ ሲያተረማምስ ይደክመዋል። አንድ ገጸ ባሕርይ ያዙ። ከዚያ ገጸ ባሕርይ ታሪክ ውስጥም መጀመሪያና መጨረሻ ያለውን አንድ ክፍል ብቻ ቁረጡ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ኖርዝ ቁጥር 2ን እመክራለሁ። ታሪኩ የሚገኘው በመጀመሪያው ጥራዝ ነው፤ አጭር ነው፤ ለብቻው ቢነበብም ይቆማል። ኖርዝ በጦርነት ብዙ ያጠፋ፣ ገላው በመሣሪያ የተሞላ ሮቦት ነው። አሁን ስኮትላንድ ውስጥ በአሮጌ ግንብ ብቻቸውን የሚኖሩ ፖል ዳንከን የሚባሉ ዓይነ ስውር የሙዚቃ ደራሲን ለማገልገል መጥቷል። ያን አስፈሪ ገላውን በረጅም ካባ ሸፍኖታል። ሽማግሌው ሮቦት አይወዱም። የያዙት ድርሰት አላልቅ ብሏቸዋል፣ በዚያ ላይ ቁጡ ናቸው። ታሪኩ ይኸው ነው። በእኔ እምነት ኡራሳዋ ከዚህ የተሻለ ነገር አልሠራም።

2. የመጀመሪያውን ንባብ ለራሳችሁ ተዉት

እርሳስ አትያዙ። ስክሪንሾት አታንሱ። እንደማንኛውም አንባቢ ተነኩ። ያልነካችሁን ነገር ብትተነትኑት ጽሑፉ የትምህርት ቤት የቤት ሥራ ይመስላል፣ አንባቢም ያውቅባችኋል።

የንባቡ አቅጣጫ አዲስ ለሆነባችሁ አንድ ነገር ልበል። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚሄደው። በድሬና በሐረር ቁርኣን ቤት የቆየ ሰው ለዚህ ብዙ አይቸገርም፤ እጁ ራሱ መጽሐፉን ከቀኝ ይገልጠዋል። ችግር የሚመጣው በእንግሊዝኛ ትርጉም ላይ ነው። ፍሬሞቹ (ሥዕሎቹ የተሣሉባቸው ሳጥኖች) ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄዱ በውስጣቸው ያለው ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ሁለት ገጸ ባሕርያት ሲነጋገሩ ማን ቀድሞ እንደተናገረ ከተምታታባችሁ ስሜቱም ይገለበጣል፤ መልሱን ከጥያቄው በፊት ታነቡታላችሁ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ገጽ መጀመሪያ የላይኛውን ቀኝ ጥግ ፈልጉ። በሁለት ምዕራፍ ውስጥ ዓይናችሁ ይለምደዋል።

በስልክ የምታነቡ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን የሚያሳየውን አማራጭ ክፈቱ። ማንጋ ሠሪዎች የሚያስደነግጠውን ነገር ሆን ብለው ገጹ ከተገለጠ በኋላ ያስቀምጡታል። የግራውን ገጽ ጨርሳችሁ ስትገልጡ አዲሱ ነገር ከቀኝ ይጠብቃችኋል። ወደ ታች እየጎተታችሁ ብቻ ካነበባችሁ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ደራሲው የት ላይ ትንፋሻችሁን እንዳስያዛችሁ ማወቅም አትችሉም።

አኒሜው (በአኒሜሽን የተሠራው ተከታታይ ፊልም) መጀመሪያ ይታይ ወይ የሚል ጥያቄም ይነሳል። በ2023 ኔትፍሊክስ ላይ በ8 ክፍል ወጥቷል፣ ግሩም ነው። ለዚህ ሥራ ግን ማንጋው ይቅደም። አኒሜ ላይ ፍጥነቱን የሚወስነው ዳይሬክተሩ ነው፤ የት እንደምታዝኑም ሙዚቃው ይነግራችኋል። ማንጋ ላይ አንድ ፍሬም ላይ ስንት ጊዜ መቆየት እንዳለባችሁ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ለምን እዚያ ላይ ቆምኩ? ትንታኔው የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

3. ሁለተኛው ንባብ በደብተር

አሁን እርሳስ ያዙ። ለዚህ ንባብ የድሬ ቀትርን የሚያህል ሰዓት የለም። ሱቁ ተዘግቶ፣ ከተማው ጋደም ብሎ፣ ባጃጁም ጥላ ይዞ ሲቆም ማንም አይጠራችሁም።

ደብተሩን ለአራት ክፈሉት፦ ገጽ፣ ማን፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ከለከለው። «ምን ተሰማው» የሚል ዓምድ አልጨመርኩም፣ ሆን ብዬ ነው። ስሜትን በቀጥታ ስትጽፉ «አዘነ፣ ተናደደ፣ ደስ አለው» እያላችሁ ትሄዳላችሁ፤ ስምንት ገጽ ከሞላችሁ በኋላ በእጃችሁ ምንም የለም። ፍላጎት ግን ይጨበጣል። ኖርዝ ፒያኖ መማር ይፈልጋል። ዳንከን አይፈቅዱም። ኖርዝ እንደገና ይሞክራል። ዳንከን ይቆጣሉ። የፍላጎቱ መስመር ድንገት አቅጣጫ የቀየረበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ስሜቱን አገኛችሁት ማለት ነው።

በየመስመሩ አንድ ነገር ብቻ ጻፉ፤ አጭር ይሁን። ደራሲውን አታድንቁ፤ ማድነቂያው ጊዜ ይመጣል።

4. ሦስት ፈተናዎች

አሁን መታጠፊያ ሊሆኑ ይችላሉ ብላችሁ የጠረጠራችኋቸው ጥቂት ገጾች ይኖራችኋል። እያንዳንዱን በሦስት ጥያቄ ፈትኑት።

አንደኛ፦ ከዚህ ገጽ በፊት ያደርገው የነበረውን ነገር ገጸ ባሕርይው ከዚህ በኋላ ማድረግ ይችላል? ከቻለ አልታጠፈም፤ ገጹ ያሳዘነን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ገጹ ቢወጣ መጨረሻው ይቆማል? ብዙ የሚያስለቅሱ ገጾች ቢወጡም ታሪኩ ይሄዳል። መታጠፊያው ከወጣ ግን መጨረሻው ትርጉም ያጣል።

ሦስተኛው የእኔ ተወዳጅ ነው፦ ሁለት ጊዜ የመጣ ዕቃ አለ? ጥሩ ማንጋ ሠሪ አንድን ዕቃ መጀመሪያ በአንድ ስሜት ያሳያችሁና በኋላ በሌላ ስሜት ይመልሰዋል። ዕቃው ያው ነው፤ የተለወጠው ሰውዬው ነው። መታጠፊያው በሁለቱ መካከል ነው።

በኖርዝ ታሪክ ውስጥ ዕቃው ፒያኖው ነው። መጀመሪያ ላይ ኖርዝ ፒያኖውን ሲነካ ሽማግሌው ያባርሩታል። ለእሳቸው የማሽን ጣት በሙዚቃ ላይ ማረፉ ስድብ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ኖርዝ ሊዋጋ ወደ ሰማይ ወጥቶ አይመለስም። ዳንከን ከታች ቆመው ይጠብቁታል፤ ና፣ የፒያኖ ልምምድ ሰዓት ደርሷል ይሉታል። አብዛኛው አንባቢ የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነው። እኔም ባነበብኩት ቁጥር ጉሮሮዬ ይያዛል።

እንግዲህ ፈትኑት። አንድ ጊዜ ከፒያኖው ያባረሩት ሰው ናቸው አሁን ወደ ፒያኖው የሚጠሩት። በመካከል ምን ሆነ?

ሁለት እጩዎች አሉ። የመጀመሪያው ኖርዝ ለምን ፒያኖ መማር እንደፈለገ የሚናገርበት ቦታ ነው። ወደ ጦር ሜዳ መመለስ አይፈልግም። ይህ ንግግር ልብ ይነካል፤ ብዙ ሰው መታጠፊያው ይሄ ነው ይላል። በመጀመሪያው ፈተና ግን ይወድቃል። ኖርዝ ይህን የፈለገው ከመጀመሪያው ነው፤ አሁን ለእኛ ተናገረው እንጂ እሱ አልተለወጠም። እኛ ነን ያወቅነው። ገጹ የሚገልጥ ገጽ ነው፣ ጥሩ ነው፣ መታጠፊያ ግን አይደለም።

ሁለተኛው ኖርዝ ከቦሄሚያ የሚመለስበት ነው። ዳንከን በእንቅልፋቸው አንድ ዜማ ያንጎራጉራሉ። ሲነቁ አያስታውሱትም። ዕድሜያቸውን ሙሉ እናታቸው እንደጣሏቸው አምነው፣ ያንን ቁስል ይዘው አርጅተዋል። ኖርዝ ሳያስፈቅድ ወደ ልጅነት አገራቸው ይሄዳል። ሲመለስ ዜማውንም እውነቱንም ይዞ ይመጣል። እናትየው እሳቸው እንዳሰቡት አልነበሩም። ከዚህ በኋላ ዳንከን ማሽን ሙዚቃ አይገባውም ብለው መናገር አይችሉም፤ የራሳቸውን ሙዚቃ መልሶ የሰጣቸው ማሽኑ ነውና። ሦስቱንም ፈተና ያልፋል። ገጹ ቢወጣ «ና፣ ልምምድ» የሚለው ጥሪ ባዶ ይሆናል።

ልብ በሉ፣ የታጠፈው ኖርዝ አይደለም፤ ዳንከን ናቸው። ኖርዝ እንደመጣ ነው የሄደው። ሞቶ ያስለቀሰን አንዱ፣ ተለውጦ ያስለቀሰን ሌላው። ይህን መለየት ከቻላችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ከዚህ ክፍል ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይህን ታሪክ ማንጋ ላይ ብቻ የሚሠራ የሚያደርገው እሱ ነው። ወረቀት ድምፅ የለውም። ታሪኩ ስለ ሙዚቃ ሆኖ ሳለ እኛ አንድም ኖታ አንሰማም። ዳንከን ደግሞ ይሰማሉ፣ አያዩም። ካባው ሲገለጥ ያንን የጦር መሣሪያ ሁሉ የምናየው እኛ ነን፤ እሳቸው አጠገቡ ሆነው አያዩትም። ሰማይ ላይ የሚሆነውንም እኛ በሥዕል እናያለን፣ እሳቸው በጆሮ ይከታተላሉ። እያንዳንዳችን የጎደለንን ሌላው ይዞታል። ስለዚህ በመጨረሻው ገጽ እሳቸው ሲጠብቁ እኛ እናውቃለን፤ ልንነግራቸው ግን አንችልም። ያ ጉሮሮ የሚይዘው ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው። ትንታኔያችሁ ላይ «ያሳዝናል» ከማለት ይልቅ ይህን ማሳየት ትችላላችሁ።

5. ፊቱ ካልተንቀሳቀሰ ዙሪያውን እዩ

ስሜትን ከፊት ብቻ የምናነብ ከሆነ ሳይንስ ፊክሽን ማንጋ ላይ እንቸገራለን። ሮቦት፣ የራስ ቁር የለበሰ የጠፈር ሰው፣ ጭንብል... ፊት የሌለው ብዙ ነው።

እዚያው የመጀመሪያው ጥራዝ ውስጥ ጌዚሽት በሥራ ላይ የጠፋን አንድ የፖሊስ ሮቦት ባለቤት ሊያረዳ ይሄዳል። ባለቤቲቱም ሮቦት ናት። ጌዚሽት ሲታይ ሰው ይመስላል፣ እሷ ግን ድሮ የተሠራች ዓይነት ናት። ፊቷ ብረት ነው። ቅንድብ የለም፣ ከንፈር የለም፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። መርዶውን ስትሰማ ፊቷ ያው ነው። እኛ ግን ሐዘኗን እናያለን።

ከየት ነው ያየነው? ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ገጹን ቀስ ብላችሁ እለፉት። ንግግር የሌለባቸውን ፍሬሞች ፈልጉ። ሥዕሉ መቼ ቀረብ፣ መቼ ራቅ እንዳለ ተመልከቱ። ክፍሉ ውስጥ ያሉትን የቤት ዕቃዎች እዩ፤ የሁለት ሰው ኑሮ የነበረበት ቤት መሆኑን ያስታውሱናል። ከዚያ ጌዚሽትን እዩ። የእሱ ፊት መንቀሳቀስ ይችላል፤ እሷን ሲያይ የሚሆነው ነገር በእሱ ላይ ይነበባል። የእሷ ፊት ደግሞ በተደጋገመ ቁጥር የራሳችንን ሐዘን እንጭንበታለን። ኡራሳዋ ሐዘኗን አልሣለም፤ እኛን አሠርቶናል።

ለልምምድ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ንግግሩ የተጻፈባቸውን ክቦች በቁራጭ ወረቀት ሸፍኑና ገጹን በሥዕል ብቻ አንብቡት። ስሜቱ ከቀረ በሥዕሉ ውስጥ ነበር። ከጠፋ በቃሉ ውስጥ ነበር። የትኛው እንደሆነ ማወቅ ለጽሑፋችሁ ትልቅ ነገር ነው።

6. የዚያን ዓለም ሕግ ከስሜቱ ጋር አገናኙ

ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ደረጃ ነው። ሳይንስ ፊክሽንን ሳይንስ ፊክሽን የሚያደርገው የፈጠረው ሕግ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ጠይቁ፦ ይህ ሐዘን በእኛ ዓለም ሊሆን ይችል ነበር? ሊሆን የሚችል ከሆነ ሮቦቱ ጌጥ ነው። ካልቻለ ግን ቁም ነገር አገኛችሁ።

ወደ ባለቤቲቱ እንመለስ። ጌዚሽት የባሏን ትዝታ ከውስጧ ላጥፋልሽ ወይ የሚል ነገር ያነሳላታል። በዚያ ዓለም ይቻላል። እሷ አትንኩብኝ ትላለች። በእኛ ዓለም ማንም ይህን ምርጫ አያገኝም፤ ሐዘን መጣ ከተባለ መጣ ነው። እሷ ግን መርጣ አዘነች። ያ ፊቱ የማይንቀሳቀስ ብረት ከብዙዎቻችን የበለጠ ቆራጥ ሐዘንተኛ ሆነ። የዓለሙ ሕግ ነው ይህን የወለደው።

ይህ ምርጫ ታዲያ በኋላ በጌዚሽት ላይ ይመለሳል። ሦስተኛው ፈተና ትዝ ይበላችሁ። እዚህ ዕቃ ባይሆንም ሁለት ጊዜ የመጣ ጥያቄ ነው። ጌዚሽት የሚያስጨንቅ ሕልም አለው፤ ምንጩን አያውቅም። ቀስ በቀስ እንደምንረዳው የራሱ ትዝታ ተሰርዟል። እሱና ባለቤቱ ሄለና አሳዳጊ ሆነው የያዙት ሮቦት ልጅ ነበራቸው። ልጁን አንድ ሰው አጠፋባቸው። በሮቦት ሕግ አንቀጽ 13 መሠረት ሮቦት ሰው መግደል አይችልም፤ ጌዚሽት ግን ያንን ሰው ገድሏል። ከዚያ ሁሉም ነገር ከጭንቅላቱ ተጠረገ። ባለቤቲቱ አይሆንም ያለችውን እሱ ሳይጠየቅ ተደረገበት። የመጀመሪያውን ጥራዝ እንደገና ስትገልጡ ትዝታ ላጥፋልሽ ወይ ያለው ሰው የራሱ ትዝታ የጠፋበት መሆኑን እያወቃችሁ ነው። ገጹ ያው፣ ሥዕሉ ያው። ያን ጊዜ መታጠፊያው እኛ አንባቢዎቹ ውስጥ ነው። ይህን ዓይነቱን ወደ ኋላ የሚሠራ መታጠፊያ ስታገኙ ለብቻው አንድ ክፍል ስጡት፤ ይገባዋል።

ሌላው ሄለና ናት። ጌዚሽት ከሞተ በኋላ ዶክተር ቴንማ ያነጋግራታል። ቴንማ አቶምን የሠራው የሞተበትን ልጅ እንዲተካለት ነው፤ ስለ ማጣት ያውቃል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ያለቅሳል፣ መጀመሪያ ማስመሰል ቢሆንም ሞክሪው የሚል መንፈስ ያለው ነገር ይነግራታል። እሷም ትሞክረዋለች። ከዚያ እውነተኛ ይሆናል።

አንዳንድ የውጭ አንባቢዎች ይህን ሲያዩ «ሮቦት ስለሆነች ነው» ብለው ያልፉታል። እኛ ግን ለቅሶ ቤት እናውቃለን። ሐዘንተኛዋ ደርቃ፣ እንባ እምቢ ብሏት ትቀመጣለች። አልቃሽ ሙሾ ታወርዳለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ፣ እሷም በደንቡ እንደነሱ ደረቷን መምታት ትጀምራለች። መጀመሪያ ደንብ ነው። በመሃል ድምፅዋ ይሰበራል፣ ከዚያ ማንም አያቆማትም። ደንቡ እንባውን ያመጣዋል። ከዚህ አገር የሚነሳ አንባቢ የሄለናን ገጽ ከማንም በላይ በቅርብ ሊያነበው ይችላል። ትንታኔያችሁ ላይ የራሳችሁን አገር ማስገባት የምትችሉት እንዲህ ገጹን ሲያበራ ነው። ገጹን የሚጋርድ ከሆነ ተዉት።

7. ዘመኑን በአንድ አንቀጽ

ይህ አጭር ይሁን። ፕሉቶ የጀመረው በ2003 ነው፤ በዚያው ዓመት የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አለ በሚል አሜሪካ መራሹ ጦር ኢራቅ ገባ። በማንጋው ውስጥም አንድ ኃያል መንግሥት የፋርስን መንግሥት በተመሳሳይ ምክንያት ይከሳል፣ መርማሪ ቡድን ይላካል፣ ጦርነት ይሆናል። ኖርዝ ወደዚያ አልመለስም የሚለው ጦር ሜዳ ይህ ነው። ይህን ካላወቃችሁ ኖርዝ የደከመው አንድ ሮቦት ይመስላችኋል። ካወቃችሁ ደራሲው ስለ ማን እያወራ እንደሆነ ይገባችኋል። ከዚያ በላይ የፖለቲካ ታሪክ አትጻፉ፤ አንባቢ የመጣው ለዳንከንና ለፒያኖው ነው።

8. ከመጻፍ በፊት ተከራከሩ

ያገኛችሁትን መታጠፊያ ሌላ ሰው ፊት አውጡት። ፀሐይ በረድ ሲል ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ቁጭ ብሎ እንደመጨቃጨቅ ያለ ነገር የለም። እዚህ ክርክሩ በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ይሞቃል፣ አንዱ በሶማልኛ ይጨምርበታል፣ ማንም አይደናገርም። ደንቡ አንድ ብቻ ይሁን፦ «አቦ፣ ገጹን አሳየኝ!» ገጹን ማሳየት ያልቻለ ሰው ሐሳቡን ያሳድር።

ለሁሉም አንድ ጥያቄ አቅርቡና መልሱን መጀመሪያ በየወረቀታቸው ይጻፉ፤ ከዚያ ነው ወሬው። እንዲህ ካልሆነ ድምፁ የጎላው ሰው ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። የኖርዝን ታሪክ ስትወያዩ ግማሹ «ኖርዝ ነው የተለወጠው» እንደሚል ጠብቁ። ጥሩ ነው፣ ይከላከሉት። ኖርዝ ከጦርነት ወደ ሙዚቃ ለመሸሽ መጥቶ፣ መጨረሻ ላይ ሽማግሌውን ለመጠበቅ እንደገና ወደ ውጊያ ወጣ፤ ይህ ለውጥ አይደለም ወይ ይሏችኋል። ጠንካራ ክርክር ነው። እኔ አሁንም ዳንከን ነው የምለው፣ ግን ያንን ክርክር ጽሑፌ ውስጥ ሳላስገባ አላልፍም።

9. መጻፍ

ከገጹ ጀምሩ። «ማንጋ የጃፓን ጥበብ ሲሆን...» ብላችሁ አትጀምሩ፤ አንባቢያችሁ ያውቃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ገጸ ባሕርይውን፣ ገጹንና አቋማችሁን አስቀምጡ። ከዚያ ማስረጃ፦ አንዱ ከታሪኩ፣ አንዱ ከሥዕሉ፣ አንዱ ከዓለሙ ሕግ። ከዚያ የሚቃወማችሁ ሰው የሚለውን በቅንነት፣ በእሱ አፍ አስፍሩ። መልሱለት። ያኔ ቁሙ።

ጥራዙንና ምዕራፉን ሁልጊዜ ጥቀሱ። ስፖይለሩን ከላይ አስጠንቅቁ። የገጸ ባሕርያቱን ስም በአማርኛ አንድ ጊዜ እንዴት እንደምትጽፉት ከወሰናችሁ እስከ መጨረሻው አትቀይሩት።

በኤፕሲሎን ላይ የተጻፈ አጭር ናሙና ይኸው፦

«ኤፕሲሎን የታጠፈው በሞቱ አይደለም። ጦርነቱን አልሄድም ባለበት ጊዜ ነው። ከሰባቱ ሮቦቶች በጣም ኃይለኛው ምናልባት እሱ ነው፤ ኃይሉን ግን ለጦርነት አላዋለም፣ የጦርነት ወላጅ አልባ ልጆችን ሰብስቦ ማሳደግ መረጠ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የዚያ ምርጫ ዋጋ ነው። መጨረሻ ላይ ገላው ሲጠፋ እጆቹ ይቀራሉ፤ ከልጆቹ አንዱን፣ ትንሹን ቫሲሊን ከልለው። እንዳይገድሉ የተከለከሉት እጆች ናቸው ልጁን ያዳኑት። ፈሪ ነበር የሚሉ አሉ፤ ጓደኞቹ ሲዋጉ እሱ ቀርቷል፣ ይህ ራሱንም ያስጨንቀዋል። ግን ፈሪ እጁን ቀድሞ ይሰበስባል።»

አጭር ነው። አቋም አለው፣ ሁለት ጊዜ የመጣ ነገር አለው፣ ተቃዋሚ አለው። የእናንተ ሦስት እጥፍ ቢረዝም ችግር የለም፤ እነዚህ ሦስቱ ግን ይኑሩበት።

10. የመጀመሪያ የቤት ሥራ

በራሳችሁ ለመሞከር ብራንዶን ውሰዱ። ብራንዶ ቱርክ ውስጥ የሚኖር የሮቦት ትግል ሻምፒዮን ነው፤ ሚስትና ልጆች አሉት፣ ቤቱ ሞቅ ያለ ነው። ገዳዩን ሊገጥም ሲወጣ ጓደኞቹ የጠላትን መልክ እንዲልክላቸው ይጠብቃሉ፤ መረጃው ለሁሉም ሕይወት ነው። በመጨረሻው ሰዓት ከእሱ የሚደርሳቸው ግን የቤተሰቡ ምስል ነው።

ደብተሩን ክፈቱና አራቱን ዓምዶች ሙሉ። ከዚያ ይህን መልሱ፦ ብራንዶ እዚያ ላይ ታጠፈ ወይስ ከመጀመሪያው ያው ሰው ነበር? የታጠፈ ከመሰላችሁ ገጹን ጥቀሱ። ካልታጠፈ ደግሞ ምስሉን ከተቀበሉት ጓደኞቹ መካከል ማን እንደታጠፈ ፈልጉ። እኔ ከሰባቱ አንዱ የሆነውን ሄርኩለስን እየተከታተልኩ ነው፤ እናንተ ሌላ ሰው ካገኛችሁ ገጹን ይዛችሁ ኑ።